ሞተርም ያልበዋል

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል ሰው፣ ሙት ሊወቅስ ሲነሣ። እኔ ግን ያድርገኝ። ጋሽ መኩሪያ ሞተ። የሰማሁት ጧት ወደ ሥራ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ነው። ሹፌሩ በመስተዋቱ አየት አደረገኝና «የድሮ አከራይሽ፣ ጋሽ መኩሪያ አረፉ እኮ፤ አልሰማሽም?» አለኝ። «ነፍስ ይማር» አልኩ፤ አፍ ከልብ ይቀድማል። ወዲያው ጆሮዬ ላይ የመጣው ግን የሰውዬው ድምፅ አልነበረም። የዚያች የነጭ መኪናው ድምፅ ነበር። ጧት ጧት ግቢያችን ውስጥ ስትነሣ ጥቂት ደህና ትሄድና ትደናቀፋለች፣ ደግሞ ትሄድና ትደናቀፋለች፣ ትን እንዳለው ሰው።

ከእሱ ጋር የኖርኩት «እርስዎ» እያልኩ ነው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ አከራዬም ነበር። አሁን «እሱ» እለዋለሁ። ከዚህ ሌላ የምበቀልበት መንገድ አልቀረልኝም።

ከወልድያ ተመድቤ ሰቆጣ ስመጣ የተከራየሁት በእሱ ግቢ ነው። ትልቁ ቤት የእሱና የሚስቱ የእትዬ አልማዝ ነው። በጓሮ በኩል ያለችው ክፍል የእኔ ነበረች። በመንገዱ በኩል በር ያላት ሦስተኛዋ ክፍል የብርቱካን ናት። ብርቱካን አምባሻ ጋግራ የምትሸጥ፣ ባሏን የፈታች፣ አርባዎቹን የጀመረች ሴት ነበረች። ጧት ወደ ወልድያ የሚሳፈረው መንገደኛና የባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ በሯ ላይ ይሰለፋል። ያች ክፍል ማደሪያዋም እንጀራዋም ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የመጣው ነገር ሁሉ የወደቀው በእሷ ላይ ስለሆነ ነው።

ጋሽ መኩሪያ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። «ሹፌር ነበርኩ» ብሎ ግን አያውቅም። «አለቆች አመላልስ ነበር» ነው የሚለው። «ስንቱ ባለሥልጣን ከኋላዬ አንቀላፍቷል መሰለሽ! መንገዱ ጠጠር መሆኑን እንኳ ሳያውቅ!» ይለኝ ነበር፣ የእጁን ልስላሴ ሲመሰክር። ባለሥልጣን ስብሰባ ላይም እንደሚያንቀላፋ የነገረው ሰው የለም።

እውነቱን ለመናገር መንዳትስ ይችላል። ያን አልነፍገውም። ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲወርድ አብሬው ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ከመሪው ጋር የሚነጋገር ነው የሚመስል። ክፋቱ፣ አንድ ነገር በደንብ የሚችል ሰው ሁሉን የሚችል ይመስለዋል። መሪ ስለያዘ ሞተር ያወቀ መሰለው። ሞተር ያወቀ ሲመስለው ደግሞ ሰውም ያወቀ መሰለው።

ጡረታ ሲወጣ ያችን ነጭ የቤት መኪና ገዛ። አዲስ አይደለችም፤ ከእሱ በፊት ስንት እጅ እንደለዋወጠች እግዜር ይወቅ። እሱ ግን ሙሽራ እንደመጣለት ሆነ። በሸራ ይሸፍናታል፣ ይገልጣታል፣ በነጭ መሐረብ ይወለውላታል። ያ መሐረብ ከኪሱ አይለይም። እጁ ሳይቆሽሽ እጁን ይጠርግበታል፤ ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር ሊናገር እንደሆነ እናውቃለን። «ሞተርን በድምፁ ነው የማውቀው፤ እናት ልጇን በለቅሶው እንደምታውቀው» ይላል። ወይም «መካኒክ ማለት መኪና ባለው ሰው ላይ የሚያርስ ገበሬ ነው» ይላል። መካኒክ ግቢው አይገባም። ማንም የመኪናዋን ኮፈን አይከፍትም፣ ከእሱ በቀር።

መኪናዋ የገባች ዕለት የነፍስ አባቱን አባ ተክሌን ጠርቶ አስባረካት። አባ ተክሌ እንደ ወጉ ጸሎት አደረሱ፣ ጠበሉን በጣታቸው እየነከሩ ከውጭ ረጩ፣ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ። ለእሱ ይሄ አልበቃውም። «ሰውን ሲያጠምቁ ልብሱን ነው የሚረጩት? ልቡ ድረስ መግባት አለበት እንጂ!» አለ። ከገጠር አንድ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ጠበል አስመጥቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ከዚያ በኋላ በየወሩ በሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላውን እንዳጣፋ ኮፈኑን ይከፍታል፣ በጣሳ ይቀዳና «ጠብቃት ሚካኤል» እያለ ሞተሩ አናት ላይ ያፈሳል። እትዬ አልማዝ በረንዳው ላይ ቆማ ታማትባለች። እኔም መጀመሪያ ጊዜ አማተብኩ፤ ሰው ለእምነቱ ሲተጋ ማየት ደስ ይላል።

መኪናዋ መደናቀፍ የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው። ጧት ስትነሣ በሦስት እግሯ የምታነክስ ትመስላለች፤ ዳገት ላይ ይብስባታል። ጥቂት ቀን እንዲህ ትሆንና በራሷ ጊዜ ቀጥ ትላለች። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ደህና ትከርምና ይመለስባታል። መጥቶ የሚሄድ በሽታ ለውሸታም ሐኪም ሲሳይ ነው። ሲሻለው ያዳንኩት እኔ ነኝ ይላል፤ ሲያመው ሌላ በሽታ ነው ይላል።

ጋሽ መኩሪያ ምርመራውን ግቢው ውስጥ ተያያዘው። ካቻቢቴውን ያወጣል፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ መያዣውን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔን ይጠራኛል፦ «አንች ልጅ፣ ነይ ቤንዚን ርገጭልኝ!» ሥራዬን ጥዬ እገባና እረግጣለሁ። «ልቀቂ! ርገጭ! ቀስ! ኧረ ቀስ ነው ያልኩሽ፣ በሬ ነው የምትነጅ?» አለቃ ሆኖ የማዘዝ አምሮቱን ተወጥቶ ስላልኖረ ነው መሰለኝ፣ እኔን ሲያዝዝ ፊቱ ያበራ ነበር።

መጀመሪያ ቤንዚኑ ነው አለ። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጡት ውሃ ቀላቅለውበታል ብሎ ሻጮቹን በአደባባይ ሰደበ። መኪናዋ ተሻላት፤ «አላልኳችሁም?» አለ። ተመለሰባት። አሁን ደግሞ ፊልትሮው ነው አለ፤ ለወጠው፤ ተሻላት፤ ተኮፈሰ። ተመለሰባት። ከዚያ ባትሪው፣ ከዚያ ካንዴላው፣ ከዚያ የሰቆጣ ብርድ፣ በመጨረሻ እኔ። «አረጋገጥሽ ነው ያበላሻት» አለኝ።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኩት። «ጋሽ መኩሪያ፣ ሁልጊዜ የምትብሰው ከሚካኤል ማግስት አይደለም እንዴ?» ይህን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። እኔ የማውቀው ቤንዚን መርገጥ ብቻ ነበር፤ ግን የምጠራው ሁልጊዜ በሚካኤል ማግስት ነው።

መሐረቡን አወጣ። እጁን ጠረገ። «ሚካኤልን ልትከሽ ነው?» አለኝ።

«ኧረ እኔ ጠበሉ ወደ ውስጥ…»

«አንች የወልድያ ልጅ፣ መዝጊያሽን ዝጊና ተኝ» ብሎ ካቻቢቴውን ወደ ጆሮው መለሰ። ነገሩ በዚያ አበቃ። ቀኑን እንኳ አስቦ ቢሆን ብርቱካን ዛሬም በሯ ላይ ትሆን ነበር።

ከዚያ የወንድሙ ልጅ ሰርግ መጣ። ሙሽራዋን የማመላልስ እኔ ነኝ አለ፤ ማን ሊከለክለው። ጧት ስነሣ መኪናዋ በሪባን አጊጣ፣ በአበባ ተሸፍና ቆማለች። እሱ ደግሞ ሱፉን ለብሶ ከጀሪካኑ እየቀዳ ያፈስላታል፤ በዚያ ቀን ሦስት ጣሳ ሳያፈስ አይቀርም፣ ቀኑ ትልቅ ነዋ። ሙሽራዋን ይዞ በግቢያችን በር ሲያልፍ ብርቱካን ዱቄት በነካው እጇ አፏን ይዛ እልል አለች። «ውይ ስታምር! ሙሽራዋንም መኪናዋንም!» አለች። ደግ ሴት ናት፤ ደስታ ስታይ ዝም ማለት አትችልም።

ዳገቱ ላይ መኪናዋ ትን አላት። ሄደች፣ ተደናቀፈች፣ ነጠረች፣ ቆመች። ከኋላ ሚኒባሶቹ ጥሩምባቸውን ለቀቁት፤ ለሙሽራዋ ይሁን ለእሱ አልታወቀም። አስነሣት፣ ሞተች። አስነሣት፣ ሞተች። በመጨረሻ ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ያን ዕለት ሰቆጣ የሳቀችው ሳቅ ለዓመት ይበቃል። እኔም ሳቅኩ፣ አልደብቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን አብሮ ይስቅና መካኒክ ይጠራል። እሱ ግን ተሳስቼ ይሆን የሚል ቃል በአፉ ዞሮ አያውቅም። በማግስቱ ጧት ወደ ብርቱካን በር ሄደ። አምባሻ የሚጠብቁ ሰዎች ቆመዋል። መሐረቡን አወጣ፣ እጁን ጠረገ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ያማረ ነገር ይዠ በቀጥቃጭ ልጅ ደጅ ማለፍ አልነበረብኝም» አለ።

የብርቱካን አባት በፃግብጂ ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሣውም ነበር። ብረት ሲያመልክ የሚውል ሰው ብረት ቀጥቃጭን ሲንቅ ታዩልኛላችሁ? እንዲያውም «ቡዳ» የምትለዋን ቃል ከአፉ አላወጣትም። ብልጥ ነው፤ ሰው እንዲያወጣት ተወላት። ሰው ደግሞ አላሳፈረውም። በዚያው ሳምንት ቃሏ ከበር በር ዞረች።

አማርኛዋንም ይቀልድበት ነበር። ኽምጣኛ አፏን የፈታችበት ስለሆነ አንዳንድ ቃል ይከብዳታል፤ እሱ ድምፁን አቅጥኖ እሷን እየመሰለ ሰው ያስቃል። እትዬ አልማዝ አንድ ቀን የሽሮ ምጣኔዋን ስትለቅም «የመኩሪያ እናትኮ አማርኛ ሳያውቁ ነው የሞቱ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። ከእሷ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ያ ነበር። እሷ ዝምተኛ ናት። ያ ዝምታ ፍርሃት ነው ብዬ ነበር የማስበው።

አምባሻው መሸጡን አቆመ። ጧት ስወጣ እንደተደረደረ ነው፣ ማታ ስመለስ እንደተደረደረ ነው። ትላንት «ብርቄ፣ አንድ ጨምሪልኝ» የሚሏት ሹፌሮች አሁን በወዲያኛው ጠርዝ ይሄዳሉ። እናቶች በደጇ ሲያልፉ የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። እሷ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ መጋገሯን አልተወችም። እኔ እገዛለሁ፤ ግን ስንት ይበላል ሰው አንድ ሆድ ይዞ። አንድ ጧት አምባሻውን ስትሰጠኝ እጇን ወደ ኋላ ሳበችና «አንች ግን አትፈሪም?» አለችኝ። ያን ጊዜ ያየሁት ፊቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ራሷን ተጠራጥራ ነበር። ሰው ተባብሮ አንዲትን ሴት ከገዛ ዓይኗ ጋር ሊያጣላት እንደሚችል ያወቅኩት ያን ጧት ነው።

ለጋሽ መኩሪያ ይሄም አልበቃውም። «ፆሙ ሳይገባ ክፍሉን ልቀቂ» አላት። እኔ ተከራክሬዋለሁ፤ ጮኼበታለሁም። «የዋግን ነገር አታውቂም» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ከፆሙ በፊት የቀረን ጊዜ ትንሽ ነበር። መኪናዋ ሌላ በሽታ እንዳለባት ከታወቀ ብርቱካን ትቀመጣለች፤ ካልታወቀ ትወጣለች። ስለዚህ ቤንዚን እንድረግጥ ሲጠራኝ እምቢ አላልኩም። እንዲያውም እሮጥ ጀመር።

እሁድ ከሰዓት ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ሞተሩ ተነሥቶ እየተደናቀፈ ነው፣ እኔ መሪው ጋ ተቀምጫለሁ። ሞተሩ አናት ላይ አራት ጠባብ ጉድጓዶች አሉ፤ ከየጉድጓዱ ታች ቤንዚኑን የምትለኩስ ካንዴላ ተቀምጣለች፣ በላይዋ ኮይል የሚሉት መብራት የሚያደርስላት ነገር ተሰክቶባታል። እሱ የየኮይሉን ሽቦ በየተራ ይነቅላል። ሲነቅል የሞተሩ ድምፅ ከባሰበት ያች ካንዴላ ደህና ነበረች ማለት ነው። ካልተለወጠ ግን የምትደናቀፈው እሷ ናት። አንደኛዋን ነቀለ፣ ባሰባት። ሁለተኛዋን ነቀለ፣ ባሰባት። ሦስተኛዋን ነቀለ፣ ምንም።

«አጥፊው» አለኝ። አጠፋሁ። ኮይሉን ከጉድጓዱ መዝዞ አወጣው። ከጫፉ ውሃ ጠብ አለ። ጠብ፣ ጠብ። ጨርቅ በካቻቢቴው ጫፍ ጠቅልሎ ወደ ጉድጓዱ አወረደ፤ ሲያወጣው ጨርቁ እስከ ላይ ርሷል። አሸተተው። ቀና አለ። ዓይኑ በቀጥታ የሄደው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ቢጫ ጀሪካን ነው።

ወርጄ አጠገቡ ቆሜ ነበር። እኔም ጀሪካኑን አየሁት። ከዚያ ተያየን። አንድ ሰው ስህተቱን ሲያውቅ ፊቱ ላይ የሚመጣ ነገር አለ፤ መጣ፣ አየሁት። ለአፍታ ደስ አለኝ። ብርቱካን ተረፈች አልኩ በልቤ።

«ውሃ ነው» አልኩት።

«ላብ ነው» አለ።

«የምን ላብ?»

«ሞተርም ያልበዋል። ሲለፋ ያልበዋል።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደም። መሐረቡን አወጣ፤ ያን ዕለት እጁ የእውነት ቆሽሾ ነበር፣ መሐረቡ ጠቆረ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ታዲያ እትዬ ብርቱካን ምን አደረገች?»

«ያየሽው ነገር የለም» አለኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ሲጮህ እንጂ ሲያንሾካሹክ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጉድጓዱን በጨርቅ አደረቀ፣ ኮይሉን ፀሐይ ላይ አሰጣ፣ መልሶ ሰካ። መኪናዋ ስትነሣ ድምፅዋ ወጥ ሆነ፣ መኖሩ እስኪረሳ ድረስ። በሚቀጥለው ሚካኤል በመስኮቴ ሆኜ ጠበቅኩት። ነጠላውን አጣፍቶ መጣ፣ ከጀሪካኑ ቀዳ፣ ኮፈኑን አልነካም። ጎማዎቹ ላይ አፈሰሰ። የማያውቅ ሰው እንዲያ አያደርግም።

እኔ ዝም አላልኩም። ያን እሁድ ማምሻውን ለጎረቤቱ፣ ሰኞ ጧት ለሹፌሮቹ፣ ማክሰኞ ለአባ ተክሌ ተናገርኩ። እሱ ግን ቀደመኝ። «ሰማችሁ? ጠበል መኪና አበላሸ ትላለች! ጠበል! እግዚኦ!» እያለ ዞረ። በጠበል ውስጥ ተደበቀ። ከዚያ በኋላ እኔ ስናገር ሴቶቹ ያማትቡብኝ ጀመር። አባ ተክሌ አዳመጡኝ። «ልጄ፣ እኔ በጣቴ ረጨሁ እንጂ በጀሪካን አፍስስ አላልኩት። ጠበል ለሰው ነው፣ ለብረት አይደለም» አሉኝ። «እንግዲያው ይህን ሕዝቡ ፊት ይበሉልኝ» ስላቸው «እነግረዋለሁ» አሉ። ነገሩት፤ ለብቻው። መስቀላቸውን ተሳለመ፣ አለቀ። በጠላ የረጠበ ምላስ የጠላውን ባለቤት አይናገርም።

ብርቱካን ፆሙ ሳይገባ ወጣች። ምጣዷን፣ የዱቄት ጆንያዋንና ፍራሿን ከአህያ ነጂው ጋር በሁለት አህያ ጭነን ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ፣ የከተማው ጫፍ ወስደናት መጣን። ያልረሳሁት ቀጥሎ ያለውን ነው። ስንመለስ ጋሽ መኩሪያ መኪናውን መንገዱ ላይ ያመላልሳል። መስኮቱን ከፍቶ፣ ክርኑን አውጥቶ፣ ሽቅብ ቁልቁል። «አያችሁ? ኸሄደች ወዲህ አንዴ እንኳ አልተደናቀፈችም! ምስክሩ ሞተሩ ነው!» ይላል። ያደረቀውን ውሃ በእሷ ላይ ማስረጃ አደረገው። ሰው ሲዋሽ አይቻለሁ፣ እኔም እዋሻለሁ፤ የገዛ እውነቱን ወስዶ ለውሸቱ ምስክር የሚያቆም ሰው ግን ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም አላየሁም።

በዚያው ወር እኔም ለቀቅኩ። እስካሁን መኪና ስሳፈር ሳላስበው ሞተሩን አዳምጣለሁ፤ አንዷ ካንዴላ ስትዘል እለያለሁ። ያስተማረኝ እሱ ነው። ይህንንም አልወድለትም።

በሣልስቱ ለቅሶ ደረስኩ፤ ለእትዬ አልማዝ ብዬ። ነጯ መኪና በሸራዋ እንደተሸፈነች ድንኳኑ አጠገብ ቆማለች። ውስጥ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው ሽማግሌ ስለ ሟች ይናገራሉ። «ሞተርን በድምፁ የሚያውቅ! እንዲህ ያለ ሰው ኸእንግዲህ አይፈጠርም!» ሰዉ ከንፈሩን ይመጣል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ያን ጊዜ ብርቱካን ገባች።

መሶብ በራሷ ተሸክማለች። ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ መምጣት የጎረቤት ወግ ነው፤ እሷ ጎረቤትነቷን አልተወችም ነበር። መሶቡን አውርዳ ከፈተችው። አምባሻ ነው፣ ትኩስ። ሽማግሌው ንግግራቸውን አቋረጡ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። መሶቡ መካከል ላይ ተቀመጠ፤ ማንም እጁን አልሰደደም። ብርቱካን እንደቆመች ቀረች፣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም የማትሄድበት ሆነ። ተነሥቼ ልቆርስ ስል እትዬ አልማዝ ቀደመችኝ።

ጥቁር ለብሳ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ተንጠራርታ አንዱን አምባሻ አነሣች፣ ቆረሰች፣ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ከዚያ ያ ዝምታዋ ተከፈተ።

«ምን ታዩኛላችሁ? መኩሪያ ኸዚች ሴት አምባሻ ሌላ አልበላም። ሂጅ አምጭ ይለኛል፤ ሰው እንዳያይሽ በነጠላሽ ሸፍኝው ይለኛል። በጀርባ በጀርባ እየሄድሁ፣ ኸሆስፒታሉ መንገድ ድረስ፣ እኔ ነኝ የማመጣለት። እሷ ኸወጣች ጀምሮ እስቲሞት ድረስ! የመጨረሻ የቀመሳት እህልም የሷ ናት።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አልማዝ፣ ሐዘኑ ነው… ያ የመኪናው ነገርስ?»

«ውሃ ነበር» አለች። «ይች ልጅ ያን ጊዜ የነገረቻችሁ ነው። ያን እሁድ ርሶ የጠቆረ መሐረቡን ያጠብሁት እኔ ነኝ።»

ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል። ከዚያ አንድ እጅ ወደ መሶቡ ሄደ። ሌላ እጅ ተከተለ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም እያላመጠ ነበር፤ ልጇን የደበቀችው ሴት እንኳ ቆርሳ ለልጇ አጎረሰች። ሽማግሌው ሁለተኛ ቁራሽ ሲያነሱ አየኋቸው። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ግን አላየሁም። «አይ ብርቄ፣ እጅሽ ይባረክ» ነው የሚሉት፣ ትላንት እዚያው በሯ ላይ የነበሩ ይመስል።

እሷና እኔ አብረን ወጣን። ባዶ መሶቧን በጎኗ ይዛለች። መኪናዋ አጠገብ ስንደርስ ጠየቅኳት፦ «ታውቂ ነበር? እሱ እንደሚበላው?»

«ምን ላላውቅ! አልማዝ ብቻዋን ያን ሁሉ ልትበላ ነው? እሱ ጠርዙ ጠቆር ያለውን ነበር የሚወድ። እየመረጥሁ ነበር የምሰጣት።»

«ምርጡን? ለእሱ?»

«ቡዳ ብሆን በመጀመሪያዋ ነበር የሚሞት» ብላ ሳቀች። ሳቋ አልቆየም። «እኔም ራሴን ፈርቼ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? አልማዝ ተሸፋፍና ስትመጣ ጊዜ ነው የዳንሁ። እሱ ውሸት መሆኑን ያውቃል ማለት ነው አልሁ። እሱ ኸበላው እኔ ምንም የለብኝም አልሁ።»

ከድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲስቅ ተሰማ፤ ለቅሶ ቤት ሆድ ሲሞላ እንደሚሳቀው። ብርቱካን ዞር ብላ አየቻቸው።

«እሱስ እያወቀ ነው የዋሸ» አለች። «እነዚህ ግን አመኑት። ነገ ጧት በሬ ላይ ተሰልፈው ታገኛቸዋለሽ። ያደረውን ነው የምሸጥላቸው።»